አስተያየታችሁ በግብዓትነት ተወስዷል

የአዲስ አበባ የልማት ስብሰባ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መሬቱ ይሰጣል። ቀጥሎ የመሠረት ድንጋዩ ይቀመጣል። ከዚያ ነዋሪው አዳራሽ ተጠርቶ በጉዳዩ ላይ «በነፃነት» ይወያያል። ተቃዋሚ የለም፤ «ልማቱን እንደግፋለን፣ ነገር ግን…» ብለው የሚነሡ ሽማግሌ ብቻ ይኖራሉ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም «ነገር ግን» ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያሳርፋል። መድረክ መሪው «አስተያየታችሁን በግብዓትነት ወስደነዋል» ብሎ ይዘጋል። ወዴት እንደወሰዱት መጠየቅ ነውር ነው።

ለገሃር ይህን ሥርዓት በክብር አይታዋለች። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት የለገሃር የተቀናጀ መንደር ተበሠረ። አልሚው ኢግል ሂልስ ነው፤ መቀመጫው አቡ ዳቢ፣ ሊቀ መንበሩም የቡርጅ ኻሊፋ ባለቤት የሆነው የኢማር መሥራች መሐመድ አላባር። 36 ሄክታር መሬት፣ 50 ቢሊዮን ብር፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል። ነዋሪው እንደማይፈናቀልና እዚያው እንደሚሰፍር ቃል ተገባ። ቃሉ መልካም ነው፤ ብቻ ሰዓቱ ለጥያቄ አይመችም ነበር። እንዲህ ባለ በዓል ላይ እጅ የሚያወጣው የሚያጨበጭብ ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን ደኻውን አልረሳም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለመልሶ ማልማት የተፈለገበት ባለይዞታ፣ አቅሙ ካለው፣ ራሱ የማልማት ቅድሚያ እንዲኖረው ይፈቅዳል። ደግ አዋጅ ነው። ለጉሊት ነጋዴዋም በሩ ክፍት ነው፤ ባለይዞታ ሆና ቢሊዮኗን በመቀነቷ ቋጥራ ብትመጣ ማን ይከለክላታል? በ1967ቱ አዋጅ መንግሥት በወረሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የገፋች ከሆነች ግን ተከራይ እንጂ ባለይዞታ አይደለችምና ቅድሚያው አያሻትም። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ወዴት ይሂድ ብሎ የሚጠይቅማ ፀረ ልማት ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ገንዘቡ የመጣበት አገር ሰው በሠፈሩ ምን ያደርጋል?

የለገሃር መንደር በተበሠረበት ሰሞን አቡ ዳቢ ቃስር አል ሆስን የተባለውን አሮጌ ምሽጓን፣ ዓመታት በፈጀ ጥገና አድሳ ለሕዝብ ከፈተች። ከተማዋ የተወለደችው እዚያ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራች አንዲት ማማ ሥር ነው። ይኼስ ቅርስ ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን 64 ዘመናዊ ሕንፃዎችንና ቦታዎችን እንዳይነኩ በመዝገብ አሰፈረች፤ የአውቶቡስ መናኸሪያዋ ሳይቀር! አዲስ አበባ ብትሆን «ያረጀና የተጎሳቆለ» የሚል ታርጋ የምትለጥፍበትን የትናንት ኮንክሪት። አቡ ዳቢም ታፈርሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሚና ፕላዛ ማማዎችን፣ 144 ወለል፣ በ10 ሰከንድ ድራሻቸውን አጥፍታለች። ሳያልቁ የቀሩ፣ ሰው ያልገባባቸው ስለነበሩ ግን ማንንም ለስብሰባ መጥራት አላስፈለጋትም።

ስብሰባ የሰለቸው ሹም የሰርቢያዋን ቤልግሬድን ይጠይቅ። ኢግል ሂልስ በሳቫ ወንዝ ዳር ግዙፍ መንደር በሚገነባባት በዚያች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 በአንድ ሌሊት፣ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ኤክስካቫተር ይዘው ሳቫማላ ሠፈር ገቡና ቤቶችን አፈረሱ። ሰዎች ፖሊስ ቢጠሩ ፖሊስ አልመጣም። በኋላ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቩቺች ራሳቸው ከጀርባ ያሉት የከተማው ሹማምንት ናቸው አሉ። ሺዎች የተቃውሟቸው ምልክት የሆነ ትልቅ ቢጫ ዳክዬ እየጎተቱ አደባባይ ወጡ። ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የለ፣ የሻይ ወጪ የለ። የእኛዎቹም ቢሆኑ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሠፈርን ሲያነሡ እምብዛም አልዘገዩም፤ ጭምብሉን ብቻ ንቀውታል።

ሹማምንቱ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ስለሚወዱ አንድ ግብዓት ይጨመርላቸው። አቡ ዳቢ ሲደርሱ ማማ ስር ፎቶ ተነሥተው አይመለሱ፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነድተው አል አይን ይግቡ። በከተማው እምብርት ሰፊ የተምር ጫካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ጥንታዊው የፈለጅ ቦይ እስካሁን ውኃ ያደርሰዋል፤ ውስጡ ያሉት እርሻዎች ዛሬም የየቤተሰቡ ናቸው። ከዙሪያው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አይታይም። እዚያ ከተማ በሰው ቤት ወጥ ስትሠራ የምትውል፣ ደመወዟንም ለገሃር ላለች እናቷ የምትልክ የአገር ልጅ ስለማትጠፋ፣ አስተርጓሚ አይቸግራቸውም። መሃል ከተማ ያለን ይህን የመሰለ ሰፊ መሬት እስካሁን ለአልሚ ያልሰጣችሁት ምን ነክቷችሁ ነው ብለው ይጠይቁ። መልሱን ባይወዱት እንኳ አበሉ አይቀርባቸውም።