ሞያሌን ለማየት ብቻ

ሐዋሳ ላይ «ሻሸመኔ ደርሼ ልምጣ» ብትሉ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። «ሞያሌ ልሄድ ነው» ያላችሁ ዕለት ግን ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል።

የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ደቡብ አፍሪካ ነው አይደል?» የሚል ነበር። አይፈረድባትም፤ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ስንቱ ወጣት በዚያው በር ወጥቶ ኬንያን አቋርጧል። «ኧረ ልጎበኝ ነው» ስላት «ምኑን?» አለችኝ። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ምንጣፍ ይገኝ ይሆን?» አሉኝ።

ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው። ታዋንግ የምትባል፣ ሂማላያ ላይ ያለች የህንድ ጠረፍ ከተማ አሳዩን፤ ጉም፣ ገዳም፣ ጸጥታ። ባለ 4,170 ሜትሩን የሴላ በር ይዘው ነው የሚወጡላት፤ ከሌላ ግዛት የመጣ ህንዳዊ እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባባትም። ቀናሁ። እኛስ ጠረፍ የለንም እንዴ? ልዩነቱ እነሱ ወደ ጠረፋቸው ይወጣሉ፣ እኛ እንወርዳለን፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ ሞያሌ 1,100 ገደማ ላይ ናት። መሐል ላይ ይርጋ ጨፌ ሽቅብ ብታስወጣም፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ያ አንድ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላም «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል።

ከዲላ በኋላ ያለው የጌዴኦ ምድር፣ ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከዛፉ ሥር ተጠልሎ፣ ዓይን አያስከድንም። ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ሀገረ ማርያምን አልፈን ስንወርድ ግን አረንጓዴው እያለቀ ቀይ አፈር፣ ግራርና ከሰው የሚረዝም ኩይሳ ተተካ። ያቤሎ አካባቢ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኝ ቁራ አለ። ፈረንጅ እሱን ብሎ ባሕር ሲሻገር ማንም «ዘመድ አለህ?» አይለውም።

እኔን ግን ኬላው ላይ አሉኝ።

«ወዴት ነህ?»

«ሞያሌ።»

«ዘመድ አለህ?»

«የለኝም።»

«ንግድ ነው?»

«አይ፣ ለማየት ነው።»

«ምን ለማየት?»

«ከተማውን።»

ቦርሳዬን እንደገና ከፈተው። ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ ፎጣ። ባዶነቱ ይበልጥ አጠራጠረው። ኩርቱ ፌስታላቸውን ደርድረው ያለ አንዳች ጥያቄ ያለፉት እናት አላስችል ብሏቸው ከኋላ «አክስቱ ታማበት ነው!» አሉ። የፈታሹ ፊት ፈካ። «እንዲህ አትልም ታዲያ! ይማራት፣ እለፍ።»

ሞያሌ ሁለት ናት፤ ግማሿ የኛ፣ ግማሿ የኬንያ። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ ሀገር መሪዎች መጥተው የመረቁት የጋራ ኬላ አለ። በቀኝ ሲነዳ የመጣው ሾፌር ከዚያ ወዲያ በግራ ይነዳል። ብርና ሽልንግ በአንድ ኪስ ያድራሉ። ሰዓት ብትጠይቁ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛ ንጋትን ከአንድ ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ በዚህ በኩል ፈረንጅ ብቻ ነው የሚቸገረው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ ሰዉን ሁሉ ጥላ ሥር ስትሰበስብ ትንሽ ይገኛል። በቀረው ሰዓት አይሱዙ፣ ባጃጅና ደላላ ነው።

ሻይ የቀዳችልኝ ልጅ ምን እግር እንደጣለኝ ጠየቀችኝ። «አክስቴን አሟት» ብዬ ተገላገልኩ።

ሂዱ፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ መታወቂያችሁ ጊዜው አለማለፉን እዩ፣ አክስትም አዘጋጁ።