ቀጋን በግቢ ስለማሳደግ የቀረበ ጥናት

ይህ ጥናት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ግቢዎች፣ ቀጋን የሚተክለው ማን እንደሆነ ለማጣራት የተካሄደ ነው። የተጠየቁት ባለግቢዎች በአንድ ድምፅ «እኔ አልተከልኩትም» ብለዋል። ቀጋው ግን አለ። ስለዚህ ሌላ ተጠርጣሪ እስኪገኝ ድረስ ፍሬውን የበላች ወፍ እንደተከለችው ተቆጥሯል።

ቀጋ በሳይንሱ ዓለም ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ጆን ሊንድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ጽጌረዳዎች እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠው። ከዚያ በፊት መኖሩን የሚያውቁት የአገሩ እረኞች፣ ፍየሎችና እግሩን የተወጋ መንገደኛ ብቻ ስለነበሩ ግኝቱ ለለንደን ተመዝግቧል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳም እሱ ነው። ይህንኑ በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ለሚኖሩ አንዲት እናት ብናስረዳቸው «ኧረ ወዲያ! ጽጌረዳ አበባ ነው፤ ይሄ አጥር ነው» አሉን። ከሊንድሊው ምደባ ይልቅ ይኼኛው ለሥራ ይመቻል። እኚሁ እናት ከችግኝ ሻጭ በፌስታል የገዟትን ቀይ ጽጌረዳ የኅዳር ውርጭ እንዳይመታት ማታ ማታ ጆንያ ያለብሷታል። ቀጋ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር ነውና 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን አታስደነግጠውም። ማንም ጆንያ አላለበሰውም፤ ቅጠሉም አልረገፈም።

አካሄዱ ልዩ ትኩረት ይሻል። ቀጋ እንደ ሐረግ አይጠመጠምም። ረጅሙን ቀንበጥ አጠገቡ ባገኘው ነገር ላይ ይጥልና በቆልማማው እሾሁ ቆንጥጦ ይይዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ 7 ሜትር ይወጣል። ሲገቡበት ዝም ብሎ ሲወጡ የሚይዝ በመሆኑ ከአራጣ ብድር ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። በሥሩ የሚያልፍ የመንዝ በግ ሁሉ ጥቂት ፀጉር ይከፍላል። ይህ ቀረጥ ለደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገቢ ስለመደረጉ ማስረጃ አልተገኘም።

አበባው ነጭ ነው፤ ያውዳል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ልጆች ይበሉታል። ጠጉራሙን ዘር ሳያራግፍ የዋጠ ግን ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይውላል።

ዋናው ግኝት ድንበርን ይመለከታል። ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ወደ ጎረቤት ገፋ ብሎ ይገኛል። በቦታው የተሰማው ምልልስ እነሆ፦

«ጋሼ፣ ቀጋዎ ጎመኔን ሸፈነብኝ እኮ!»

«እኔ መች ገፋሁት እትዬ? ራሱ ነው የሄደ።»

«ታዲያ ምነው ወደ እርስዎ አይሄድ?»

«ወዲህማ ሲመጣ እቆርጠዋለሁ።»

መልሱ ከሥነ ሕይወት አንፃር እንከን የለበትም። ከአንድ ወገን ብቻ የሚከረከም አጥር ወደ ሌላው ወገን ቢሰደድ አይፈረድበትም። ጉዳዩ ለሽማግሌ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰምተው ቀጋው ከነሥሩ ይነቀል አሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ተነሥተው አመሰገኑ። ማን ይንቀለው ሲባል ሽማግሌዎቹ እሾሁን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ ከጥምቀት በኋላ እንገናኝ ብለውም ተነሡ። የየትኛው ዓመት ጥምቀት እንደሆነ ቃለ ጉባኤው አይልም።