ባትሪ የማይቀየርለት ሯጭ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ቤጂንግ ውስጥ ሰውና ሮቦት፣ በአጥር ተለያይተው፣ ግማሽ ማራቶን ሮጡ። ከሮቦቶቹ አንደኛ የወጣው ቲያንጎንግ በእውነት ይደነቃል፤ ባትሪው ሦስቴ ብቻ ተቀየረ፣ አንዴ ብቻ ወደቀ፣ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገባ። ሌላ ሮቦት ገና መነሻው ላይ ተዘርሮ ሁኔታውን ሲያጤን ቆየ፤ ብስለት ይሉሃል ይህ ነው። በወንዶቹ ያሸነፈው ኢትዮጵያዊ ግን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ጨርሶ የሰው ድግስ አበላሸ። ኢንጂነር አልተከተለውም፣ ባትሪም አልተቀየረለትም፤ ኋላ ቀር ቴክኖሎጂ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ቴክኖሎጂ ከተነሳ፣ አሜሪካ በ2022 የረቀቁ ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ አግዳ ነበር። ነገሩ የፍጥነት ከሆነ ግን መታገድ የነበረበት ሽሮ ነው። በርበሬም ቢሆን ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር ባይሻገር ይሻላል፤ ለወታደራዊ ዓላማ ሊውል ይችላል።