ደመወዟ ልምድ ነው

ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ባለው ሰፈር በድኻ ስም ቢሮ ለከፈታችሁ ድርጅቶች ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ። የሕግና የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ተቀብላችሁ ስለ ሠራተኛ መብት ከማንም በፊት የምታስተምሯቸው እናንተ ናችሁ። ትምህርቱም አጭር ነው፤ መብት አለ፣ ክፍያ የለም።

ተማሪዋ ቁጥርና ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች። ዳይሬክተሩ ተቀብለው «የኔ ልጅ፣ እኛ ጋ የምታገኚው ልምድ በገንዘብ አይተመንም» ይሏታል። እውነታቸውን ነው፤ ያልተተመነ ነገር እንዴት ይከፈላል? በሳምንቱ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፣ ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ የፌስቡክ ገጹንም ትጠብቃለች።

ጉልበቷ የሚተመንበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ፕሮፖዛሉ ላይ። አንዳንድ ለጋሾች የበጎ ፈቃደኛ የሥራ ሰዓት በገንዘብ ተሰልቶ የድርጅቱ የራሱ መዋጮ ተብሎ እንዲመዘገብ ይፈቅዳሉ። እንግዲህ ልጅቷ ለለጋሹ ዶላር፣ ለድርጅቱ መዋጮ ናት፤ ለታክሲው ረዳት ብቻ ሒሳብ ያልከፈለች ተሳፋሪ ትሆናለች።

ቢሮው ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ተሰቅሏል። አንቀጽ 23 የሠራ ሰው ሁሉ ለራሱና ለቤተሰቡ ክብር የሚመጥን ክፍያ ይገባዋል ይላል። ኢትዮጵያም ያኔ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። ሚስማሩን የገዛው ድርጅቱ ነው፤ የመታችው ኢንተርኗ ናት። ደግሞ ድርጅቶቹን ብቻ አንውቀስ። መግለጫውን ያጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ራሱ በጽሕፈት ቤቱ ለሚለማመዱ ወጣቶች ደመወዝ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የኒውዚላንድ ወጣት ለዚሁ ድርጅት በነጻ እየሠራ ጄኔቫ ላይ ድንኳን ተክሎ የዓለም ዜና ሆኗል። የእኛዋ ድንኳንም የላት።

የአውደ ጥናቱ ቀን ደግሞ ይምጣ። ርዕሱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም መደንገጉ ይነሳል፤ አዳራሹ በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። በር ላይ ቆማ የአበል ፎርም የምታስፈርመው ያችው ተማሪ ናት። የሁሉም ስም አለ፤ የእሷ የለም። ቡፌው ላይ ግን አድልዎ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ እንግዶቹ ከተነሡ በኋላ «ብዪ እንጂ!» ትባላለች።

ገንዘብ የለም ማለት አንድ ሰሞን እውነት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከልክሎ ብዙዎቹን አሽመድምዷል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ። አዋጁ ተሽሮ ልማዱ ጸና። ዛሬ የሚጠቀሰው የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ የሚለው ድንጋጌ ነው። የዳይሬክተሩ መኪና ነዳጅ ሲሞላ የተረሳው አንቀጽ የተማሪዋ ታክሲ ሲነሣ ትዝ ይላል።

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች በልምድ የመከፈልን ጥበብ አልሰሙም። አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ግን ያንኑ አቤቱታ ቢሮ ውስጥ ስትጽፍ «ዕድል ተሰጣት» ይባላል። የጃንሆይ መንግሥት እንኳ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ሲጀምር አበል ይቆርጥላቸው ነበር። ፊውዳል ስለነበረ ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ለዚህም መልስ አላቸው። «ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስትል ማን ከፈላት? ይኸው አደባባይ ተሰየመላት!» ለኢንተርኗም አንድ ቀን ይሰየምላት ይሆናል። እስከዚያው የቤት ኪራዩን በሰርተፍኬት ትክፈል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ተማሪን በባለ ወርቅ ጠርዝ ወረቀት።

ውጤቱ ደግሞ ያማረ ነው። አባቷ በመኪና የሚያደርሳት ልጅ ሦስት ወር በነጻ ትሠራለች፣ ልምድ ትይዛለች፣ ኋላም ትቀጠራለች። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የተጠጋችው በሁለተኛው ሳምንት ትቀራለች፤ «ቁርጠኝነት ይጎድላታል» ተብሎም ይጻፍባታል። ውሎ አድሮ ስለ ድኻ የሚናገሩት ድህነትን በሪፖርት የሚያውቁት ብቻ ይሆናሉ። ያኔ ድርጅቱ «ማኅበረሰቡ ለምን ራቀን?» የሚል ጥናት ያስጠናል። የአጥኚው አማካሪ ሒሳብ በልምድ አይከፈልም።

ስለዚህ እኩልነትን እንጀምር። ልምድ ይህን ያህል የከበረ ከሆነ ዳይሬክተሮችም ለአንድ በጀት ዓመት በልምድ ይከፈሉ፤ ገንዘቡ ለተማሪዎቹ ታክሲና ምሳ ይዋል። ይህን ሐሳብ በአውደ ጥናት አቅርብ ካላችሁኝም ፈቃደኛ ነኝ። ልምድ ሞልቶኛል፤ አበሉን በጥሬው።