አብሾ በማንሃተን

የእኛ አባቶች ልጃቸው ቀለም እንዲገባው ሲሹ አብሾ ያጠጡት ነበር ይባላል። አንዳንዱ ሊቅ ይወጣዋል፤ አንዳንዱ ያብዳል። የኒውዮርክ ወላጅ ከዚህ ኋላ ቀር ልማድ ተላቋል። እሱ የአራት ዓመት ልጁን ለልዩ ክፍል መግቢያ ፈተና እንዲያዘጋጅለት በሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ ለሚያስከፍል አስጠኚ ይሰጥ ነበር፤ የሚያብደውም ልጁ ሳይሆን ራሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለፍትህ ሲባል ነበር። እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የከተማው ወረዳዎች ለ«ጊፍትድ ኤንድ ታለንትድ» (ለባለ ተሰጥኦ ልጆች) ልዩ ክፍል ልጅ የሚመርጡት በየራሳቸው መንገድ ነበር። ከንቲባ ብሉምበርግ ግን አድልዎ አልወደዱም። አንድ ፈተና፣ አንድ መቁረጫ ነጥብ አመጡ፦ ከመቶ እኩዮቹ 90ውን የበለጠ ለወረዳው ልዩ ክፍል፣ 97ቱን የበለጠ ከመላው ከተማ ለሚቀበሉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይወዳደር። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግን አንዱ ስድስት ወር ሲቀለብ የከረመ፣ ሌላው ሚዛን መኖሩን እንኳ ያልሰማ።

ፈተናውማ ግሩም ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ ከማያውቃት ሴትዮ ጋር ክፍል ይገባል። ጥያቄው አንድ ጊዜ ይነበብለታል፤ አይደገምም። «ምን አልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ተሰጥኦ የለውማ! ብሮንክስ የምትኖር አንዲት ያገሬ ልጅ የበኩር ልጇን አስፈትና ነበር። በባቡር ሲመለሱ ምን እንደጠየቁት ብትጠይቀው፣ «የሴትዮዋ የጆሮ ጌጥ ዓሣ ነው» አላት። የግራው ዓሣ ዐይኑ መውለቁን፣ የቀኙ ግን ደህና መሆኑን ሳይቀር ነገራት። ልጁ ወደቀ። እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ማዕዘኑን ነበር ማየት የነበረበት።

ፍትሁም ፍሬ አፈራ። ከከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ አብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ ሲሆን፣ ከልዩ ክፍሉ ወንበር ሦስት አራተኛ ያህሉ ግን የነጮችና የእስያውያን ልጆች ሆነ። ደቡብ ብሮንክስና ብራውንስቪል ውስጥ ለዓመታት አንድም ልዩ ክፍል ያልነበራቸው ወረዳዎች ነበሩ፤ ክፍል የሚሞላ ልጅ አላለፈማ። ምን ይደረግ፣ መሬቱ ሊቅ አያበቅልም! ተሰጥኦ የቤት ኪራይ የተወደደበት አየር ነው የሚስማማው።

በ2013 ደግሞ ፈታኙ ኩባንያ ፒርሰን ውጤት ሲያሰላ ተሳስቶ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ከሚገባቸው በታች ነጥብ ተሰጣቸው። አንዱ ስህተት የልጆቹን ዕድሜ ሲቆጥር የተሳሳተው ነው። የሕፃን ሊቅነት የሚመዝን ድርጅት ዕድሜውን መቁጠር ቢያቅተው አይፈረድበትም። ምናልባት ጥያቄው አንዴ ብቻ ተነብቦለት ይሆናል።

በ2021 ፈተናው ቀረ። ከንቲባ ደ ብላዚዮ ሊወጡ ሲሉ ልዩ ክፍሉም ይቅር አሉ፤ ተተኪያቸው ኤሪክ አዳምስ በዓመቱ አይቀርም አሉና ለኬጂ 100 ወንበር ጨመሩ። አሁን የቅድመ ኬጂ መምህርት ትጠቁማለች፣ ከዚያ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። በ2021 ገደማ በዓመት ወደ 65 ሺህ ልጅ ይገባበት ለነበረው ኬጂ የነበረው 2,500 ገደማ ወንበር ነው። እኛ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስንል ተረት ነው የሚሉን፤ እነሱ ሲሉት ፖሊሲ ነው። ለነገሩ የአራት ዓመት ጎበዝ ልጅን ጎረቤቱ ከእሱ እንዳይማር ለይቶ ማስቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ከንቲባ ሲገኝ፣ ወላጁ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኒው ጀርሲ ሊሰደድ ነው ይባላል። እና ዝም ይሻላል።

ያቺ ያገሬ ልጅ ሁለተኛዋን ልጇን መምህርቷ ጠቁማላት ነበር። ዕጣው አልወጣላትም። ማታ ደወለችልኝና፣ «የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። እቁብ መስሏት።