ታናሽን የማሳነሻ ዘዴ
(ለታላላቆች ብቻ)

ሐረር፣ ኤረር በር አካባቢ የሚያድግ ታናሽ ካላችሁ፣ ልኩን ማሳወቅ የእናንተ ፋንታ ነው። እናትና አባት ሥራ ይበዛባቸዋል።

በስሙ አትጥሩት። «አንተ ትንሹ» ይበቃዋል፤ ሚስት ሲያገባም በዚያው ቀጥሉ። እንግዳ መጥቶ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ሲለው፣ እሱ አፉን ሳይከፍት መልሱለት።

ቤታችሁ የድሮው የሐረሪ ቤት ከሆነ ግማሹን ሥራ ግንበኛው ጨርሶላችኋል። አምስቱ ነደባዎች (መደቦች) ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ለማዕረግ ጭምር ነው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ልጁ እዚያ ላይ ዘፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ አባታችሁ ቤት ባይኖሩም አስወርዱት። ከዚያ እናንተ ውጡበት።

ከጨዋታ አታስወጡት፤ ካለቀሰ እናት ትመጣለች። ኳስ ሲሆን ጎሉ አይቆጠርለት። ፕሌይስቴሽን ሲሆን ያልተሰካውን ጆይስቲክ ስጡትና፣ የሚጫወት መስሎት ሲጮህ «ጎበዝ!» በሉት። ከግፉ ሁሉ ይሄ ስለሚብስ አጥብቄ እመክራለሁ። የሣለውን ሥዕል ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ደግሞ ቀና ሳትሉ «ዳቦ ገዝተህ ና» በሉት። ሲመለስ መልሱን ቁጠሩ፤ ሥዕሉን አታንሱ።

ታሪክ አዋቂ ጎረቤት የሐረር ገዥ የነበሩትን የራስ መኮንንን ልጆች ይጠቅስባችሁ ይሆናል። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐረር ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ፤ የ13 ዓመቱ ተፈሪ ሰላሌ ተሹሞለት አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ቀረ። እዚህ ላይ «አያችሁ!» ብላችሁ ወሬ ቀይሩ። ጎረቤቱ ከቀጠለ፣ ይልማ ብዙ ሳይቆዩ እንዳረፉ፣ ታናሹ በ1902 ዓ.ም. ሐረርን እንደያዘ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ዘውድ እንደጫነ መናገሩ አይቀርም። ታናሻችሁ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ መሄድ ይጀምራል።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት ስትወጡ «አንተ ትፈራለህ» ብላችሁ ቤት አስቀሩት። ስትመለሱ፣ እንጨት በአፋችሁ ነክሳችሁ ሥጋ ያጎረሳችሁት እናንተ እንደሆናችሁ ተርኩለት። ከጅብ ማራቁ ሌላም ጥቅም አለው። በጅብ ዘንድ እናት በጠብ ጊዜ የምታግዘው ታናሹን ነው፤ ስለዚህ አዲስ የተወለደው ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ማዕረጉ ከእናቱ ቀጥሎ ነው፤ ታላላቅ እህቶቹ ከእሱ በታች ይሰለፋሉ። ይህቺን ለታናሻችሁ እንዳትነግሩት፤ ለእናታችሁም ጭምር።