ማርስ ላይ መርዶ ማን ያረዳል?

ስለ ማርስ ኑሮ ሁሉን ሲያስቡ መርዶን እንዴት ረሱት? አሜሪካኖቹ ሂውስተን ባለው የጠፈር ማዕከላቸው የማርስ መለማመጃ ቤት ሠርተው አራት ሰው ቆለፉበት። ግድግዳው በማሽን የታተመ ነው አሉ። ሰኔ 18 ቀን 2015 ገቡ፣ ሰኔ 29 ቀን 2016 ወጡ፤ 378 ቀን መሆኑ ነው። አትክልት አበቀሉ፣ ቀይ አሸዋ በፈሰሰበት ግቢ የጠፈር ተጓዥ መስለው ተራመዱ፣ የበሉት ሁሉ ተመዘገበ። ማርስ ሩቅ ናትና መልእክታቸው እስከ 22 ደቂቃ እንዲዘገይም ተደረገ።

ቤቱ 158 ካሬ ነው። ለአራት ሰው! «ጠባብ» የሚሉት እንግዲህ እሱን ነው። አብነት ሠፈር የቀበሌ ቤት ውስጥ ያረጀ፣ ጎረቤቱ ሲያስነጥስ ካልጋው ሳይነሳ «ይማርህ» የሚል ሰው ስለ ጥበት ከፈረንጅ አይማርም። የውሃ ፈረቃውንና የጋራ ሽንት ቤቱን አላነሳም፤ እሱን የሠፈሩ ወጣት ቀልዶበት ጨርሶታል።

የኔ ብሶት ሌላ ነው። እኔ የእድር ዳኛ ነኝ። ሰው ሲሞትበት እንዴት እንደሚነገረው አውቃለሁ። በስልክ አይነገርም! ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢያችንን ደርበን፣ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመን፣ ባለቤቱ ደንጋጭ ከሆነ ደግፎ የሚይዝ አንድ ጠንካራ ጎረቤት ጨምረን እንሄዳለን። በሩ ገና ሲንኳኳ ይገባዋል። ይግባው፤ ብቻውን ግን አይደለም።

እስቲ ማርስ ላይ ያለውን ሰው አስቡት። አባቱ ሞተ። ማን ሄዶ ያንኳኳ? ደግሞስ እዚያ በር ቢንኳኳ ከውጭ ማን ሊሆን ነው? መርዶው 22 ደቂቃ ተጉዞ ይደርሰዋል፤ «ወይኔ አባቴ!» ብሎ የጮኸው ደግሞ ሌላ 22 ደቂቃ ተጉዞ እዚህ ሲደርስ ለቀስተኛው ንፍሮ እየዘገነ ነው። ከሦስቱ ባልደረቦቹ ሁለቱ ተኝተዋል፣ አንዱ ቲማቲም ያጠጣል። ድንኳን የሚተክል የለ፣ ወንበር የሚያወርድ የለ። የማርስ አየር ከኛ አየር መቶኛውን እንኳ አይሞላም ይላሉ፤ ጥሩምባ ነፊያችን እዚያ ሳንባው እስኪፈነዳ ቢነፋ ድምፁ ከአጥር አያልፍም።

ሩሲያዎቹም ያው ናቸው። ከ2002 እስከ 2004 ሞስኮ ላይ ስድስት ወንዶች ላይ ለ520 ቀን በር ዘጉ። እየቆዩ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ቀነሱ፣ መተኛት አበዙ ተብሎ ተጻፈባቸው። ታዲያ ምን ያርጉ? ቡና ጠጡ የሚል የለ፣ ለቅሶ መድረስ የለ፣ ከስብሰባ ቢቀሩ የሚቀጣ የለ!

ማርስን የሚመስል ምድር ፍለጋ ተመራማሪዎች እኛም አገር ይመጣሉ፤ አፋር፣ ዳሎል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ አሲድና ጨው አብሮ የሚንተከተክበት ምድር ነው። በ2011 አንዱ ቡድን «ደቃቅ ሕይወት አገኘን» አለ፤ በ2012 ሌላው ቡድን «እነዚያ ኩሬዎች ውስጥስ ምንም የለም» አለ። ይከራከሩ፣ ሥራቸው ነው። ግን እዚያው ሜዳ ላይ የአፋር ሰው ጨው ቆርጦ ግመሉን ይጭናል፤ የጠፈር ልብስ አልለበሰም። መንገድ ላይ ሌላ አፋር ሲያገኝ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ዳጉ አለ። ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሁሉን ጠይቆ፣ ሁሉን ነግሮ ነው የሚለያየው። ፀሐዩ እንደዚያ እየጠበሰው! ማርስን ለመልመድ የመጣ ሰው ከኩሬው ቀና ብሎ ይህን ቢያይ ምን ነበረበት?

የልጅ ልጄ ይስቃል። «ታዲያ አባባ፣ ሄደህ አስተምራቸዋ!» ብሎ የሂውስተኑን መመዝገቢያ መስፈርት አነበበልኝ። ሲጋራ የማያጨስ፤ አላጨስም። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፤ እሱን በዲቪ እንሞክራለን። ዕድሜ ከ30 እስከ 55።

55! እኛ እድር የ55 ዓመት ሰው ዳኛ ልሁን ቢል «ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ብሰል» ነው የሚባለው።